የፍሬን ዲስክ በነገሌ ቦረና፤ ከዋጋው በፊት ውፍረቱን ይጠይቁ

የፍሬን ዲስክ ሊገዛ ወደ መለዋወጫ ሱቅ የሚገባ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው «ስንት ነው?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ኦሪጅናል ነው ወይ?» ሲሆን፣ ለዚህኛው «አይደለም» ብሎ የመለሰ ባለሱቅ እስካሁን አልተሰማም። ዲስኩ ስንት ሚሊ ሜትር ውፍረት እንዳለው፣ ለየትኛው ሞዴልና ለየትኛው ዓመተ ምሕረት እንደተሠራ የሚጠይቅ ግን ከስንት አንድ ነው። አዲስ አበባ ላይ ይህ ቸልታ የሚያስከፍለው ተክለ ሃይማኖት ወይም ሶማሌ ተራ ድረስ ተመልሶ መሄድን ነው። ነገሌ ቦረና ላይ ግን መኪናው ጎማው ወልቆ ድንጋይ ላይ እንደተቀመጠ፣ ትክክለኛው ዕቃ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ እስኪደርስ ይጠበቃል። ሥራ ፈትቶ የቆመ ሚኒባስ ለባለቤቱ ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ ገጽ አንባቢ መንገር አያስፈልግም።

ጉዳዩን በዚህ ወቅት የገበያ ጉዳይ የሚያደርጉት ሁለት ውሳኔዎች ናቸው። አንደኛው በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ነው። በእጅ ያለው ኮሮላ፣ ቪትዝና ሃይስ ከዚህ በኋላ ተተኪው በቀላሉ የማይገኝ በመሆኑ ባለቤቱ እየጠገነ ሊያቆየው ይገደዳል። ሁለተኛው የውጭ ምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን መደረጉ ነው። ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። የፍሬን ዲስክ ደግሞ ከነጭነቱ ከውጭ የሚመጣ ከባድ ብረት ነው። ፍላጎቱ ጨምሮ ዋጋው ሲንር መካከል ላይ የሚገባው ቀጭኑ፣ ቀላሉና ስም የለሹ ዕቃ እንደሆነ ነጋዴው ያውቃል።

ቆላው ዲስክ ይበላል?

በቆላ ከተሞች «ሙቀቱ ዲስክ ይጨርሳል» የሚል አባባል ይሰማል። ይህ አያስኬድም። በሥራ ላይ ያለ ዲስክ በቁልቁለት 200፣ 300 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሊግል ይችላል። የነገሌ አየር ከአዲስ አበባው በ10 ወይም በ15 ዲግሪ መብለጡ ለዲስኩ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ዲስክ የሚበሉት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ጭነት፣ ቁልቁለትና አቧራ። በደቡቡ ቆላ ሦስቱም አሉ። ነገር ግን በሁሉም ቦታ እኩል አይገኙም፤ ነጋዴው ሊያስተውለው የሚገባውም ይህንን ነው።

ከሐዋሳ በሐገረ ሰላምና በቦሬ አድርጎ ወደ አዶላና ነገሌ የሚወርደውን መንገድ እንውሰድ። ቦሬ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ሲሆን አዶላ ከዚያ በ1 ሺህ ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ከነተሳፋሪውና ከነጓዙ 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና ይህን ከፍታ ሲወርድ ወደ ሙቀት የሚለወጠው ጉልበት 14.7 ሚሊዮን ጁል ነው። ቁጥሩ ለማይገባው እንዲህ ማለት ይቻላል፤ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ አፍልቶ የሚተርፍ ሙቀት ነው። ሾፌሩ ማርሽ ቀንሶ ከፊሉን ለሞተሩ ካልሰጠ በስተቀር አብዛኛው የሚጫነው በሁለት የፊት ዲስኮች ላይ ነው። አየሩ እየነጠቀ ባይወስድላቸው ኖሮ ይቀልጡ ነበር።

ከባሌ በኩል የሚመጣው ደግሞ ይብሳል። ሳነቲ አምባ ላይ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ የሚያልፈው መንገድ የሐረናን ደን አቋርጦ ወደ ዶሎ መና ሲወርድ ቁልቁለቱ የቦሬውን ሁለት እጥፍ ተኩል ያህላል። በዚህ በኩል ገናሌን ተሻግሮ ነገሌ የሚገባ መኪና ፍሬኑን ፈትኖ ነው የሚገባው።

ከነገሌ ወደ ፊልቱና ወደ ዶሎ ሲኬድ ግን ነገሩ ይለወጣል። መሬቱ ዝቅ የሚለው በብዙ ኪሎ ሜትር ርቀት ቀስ እያለ ነው። እዚያ አደጋው ከፊት ድንገት የሚገባ ግመል ወይም የከብት መንጋ ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲበር የነበረ ያው 1,500 ኪሎ መኪና እስኪቆም የሚያወጣው ሙቀት ከቦሬው ቁልቁለት ሃያ አምስተኛ እጅ ብቻ ነው። ስለዚህ በሜዳው የሚነዳ ሰው ዲስክ ቶሎ አይጨርስም፤ እሱን የሚያሳስበው ፍሬኑ ግራና ቀኝ እኩል መያዙ ነው። አንዱ ጎማ ቀድሞ ከያዘ መኪናው ወደዚያው ይሳባል፤ በአሸዋና በጠጠር ላይ ደግሞ የዚህ መጨረሻው መገልበጥ ነው። ዲስክ በጥንድ እንጂ በነጠላ መሸጥም መግዛትም የሌለበት ለዚህ ነው። «የግራው ብቻ ነው የተበላው፤ እሱን ብቻ ስጠኝ» የሚል ደንበኛ ሲመጣ፣ ነገ ለሚመጣው ጣጣ ሲባል እምቢ ማለት ለባለሱቁም ያዋጣዋል።

ድፍን፣ ባለ አየር፣ ባለ ቀዳዳ

አብዛኛው የቤት መኪና የፊቱ ዲስክ፣ የኋላው ታምቡር ነው። ከፍሬኑ ሥራ ሁለት ሦስተኛውን ወይም ከዚያ በላይ የሚሸከመው የፊቱ ነው። ባጃጅ በታምቡር ስለሚሠራ በዚህ ገበያ ውስጥ አይገባም።

የፊት ዲስክ ሁለት ዓይነት ነው። ድፍኑ አንድ ወጥ ብረት ሲሆን በቀላልና በቆዩ መኪናዎች ላይ ይገኛል። ባለ አየሩ ደግሞ ሁለት ገጽ ብረት በመሐል በትናንሽ ክንፎች ተያይዞ የተሠራ ነው፤ ሲሽከረከር በክፍተቱ አየር እየሳበ ይቀዘቅዛል። ፋብሪካው ባለ አየር ያደረገለትን መኪና «ቦታው ላይ ገባ» ተብሎ ድፍን ማልበስ ቁልቁለት ላይ ለሚሠራ ሰው ከባድ ስሕተት ነው። ድፍን የነበረውን ባለ አየር ማድረግም ካሊፐሩ ስለማይበቃው አይሆንም። በአጭሩ ፋብሪካው የሰጠውን መተካት እንጂ ማሻሻል የሚባል ነገር አያስፈልግም።

ወጣት ባለመኪናዎች የሚወዱት ተቦርቡሮ ወይም ገጹ ላይ ቦይ ወጥቶለት የሚሸጠው ዲስክ አለ። ለዓይን ያምራል፤ ዋጋውም የዚያኑ ያህል ነው። ቀዳዳው የተፈለሰፈው የድሮ ሸራ ሲግል ያወጣ የነበረውን ጋዝ ለማስተንፈስ ነበር። የዛሬ ሸራ ይህ ችግር እምብዛም የለበትም። በአንጻሩ ብረቱ ደጋግሞ ሲግልና ሲቀዘቅዝ ስንጥቅ የሚጀምረው ከቀዳዳዎቹ ዳር ነው። ቦዩም ሸራውን እንደ ሞረድ ይሞርደዋል፤ በነገሌ ቀይ አቧራ ላይ ሲጨመርበት ሸራ ሻጩን እንጂ ባለመኪናውን አይጠቅምም። በኛ ግምት ለዕለት ተዕለት መኪና ለስላሳው ተራ ዲስክ ይበልጣል።

ዝገት የሚከላከል ግራጫ ቅብ ያለው ዲስክም በገበያ አለ። ዲላና ይርጋ ጨፌ ዝናብ ስለማያጡ ዋጋ አለው። ሞያሌና ዶሎ ላይ ለቅቡ ብቻ ተብሎ ተጨማሪ ገንዘብ ባይወጣ ይሻላል።

ሁለት ሚሊ ሜትር ምን ታህል?

እያንዳንዱ ዲስክ ከዚህ በታች ቢሳሳ መጣል አለበት የሚባል ልክ አለው። ጥሩ ፋብሪካ ይህን ቁጥር በዲስኩ ዳር ወይም በመሐሉ ቆብ ላይ ይቀርጸዋል። በትናንሽ የቤት መኪናዎች ላይ አዲሱ ባለ አየር ዲስክ ብዙውን ጊዜ ከ18 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፤ ሊበላ የሚፈቀድለት ደግሞ በአብዛኛው 2 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ማለትም በየገጹ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው።

«ከ22 ሁለት ቢጎድል ምን አለበት?» የሚል አይጠፋም። የሚረሳው ባለ አየር ዲስክ መሐሉ ባዶ መሆኑ ነው። 22 ሚሊ ሜትር ከሚባለው ዲስክ ውስጥ አንዱ ገጽ ብረት 6 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ 1 ሚሊ ሜትር ሲበላ ሙቀት ከሚሸከመው ብረት ስድስተኛው እጅ ሄደ ማለት ነው። ብረቱ ባነሰ ቁጥር ያው ቁልቁለት ያንኑ ሙቀት ሲጭንበት ቶሎ ይግላል። የጋለው ዲስክ ሸራውን ያግላል፤ ሸራው ፒስተኑን፣ ፒስተኑ የፍሬን ዘይቱን ያግላል። ዘይቱ ከፈላ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይገባል፤ ፔዳሉ ያለ ምንም ተቃውሞ ወለል ይነካል። «ፍሬን እምቢ አለ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ስለ ዘይቱ አንድ ነገር እናንሳ፤ ዲስክ የሚሸጥ ሰው ዘይትም ይሸጣልና። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ፣ ዶት 4 ደግሞ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት። ዘይቱ ግን ከአየር ላይ እርጥበት የመጠጣት ጠባይ አለው። እርጥበት ከገባበት በኋላ የሚጠበቅበት ልክ ወደ 140 እና ወደ 155 ዲግሪ ይወርዳል። አዲስ ዲስክ አስገብቶ አራት ዓመት የቆየ ጥቁር ዘይት መተው ገንዘብን በከፊል መጣል ነው። ተከፍቶ በሱቅ መደርደሪያ ላይ የከረመ ጠርሙስም ያው ነው።

ስሙ አንድ፣ ዕቃው ብዙ

የደቡቡ ገበያ ትልቁ ኪሳራ የሚመጣው ከአስመሳይ ዕቃ ይልቅ ከተሳሳተ ዕቃ ይመስለናል። «የኮሮላ ዲስክ ላክልኝ» የሚል ትእዛዝ በስልክ ይተላለፋል። የትኛው ኮሮላ? አንዱ ባለ 4 ቡሎን ሲሆን ሌላው ባለ 5 ነው፤ የዲስኩ ስፋትና የቆቡ ጥልቀትም ከዘመን ዘመን ይለያያል። የሃይስ ደግሞ አባዱላ የሚባለውና ከእሱ በፊት የነበረው አንድ አይደሉም። ደላላው ሊብሬውን ወይም የሻንሲ ቁጥሩን በቴሌግራም ፎቶ አንስቶ ቢልክ ግማሹ ጣጣ ይቀራል። አሮጌው ዲስክ ከወለቀ በኋላ ደግሞ ስፋቱን፣ አጠቃላይ ቁመቱን፣ የመሐል ቀዳዳውንና የቡሎኖቹን ቁጥር ለክቶ አብሮ መላክ ነው። አራት ቁጥር ብቻ ነው።

የፋብሪካ መለያ ቁጥር ማወቅም ለነጋዴው ይጠቅመዋል። የቶዮታ የፊት ዲስክ መለያ በ43512 ይጀምራል፤ የፊት ሸራው በ04465 ይጀምራል። የሱዙኪ የፊት ዲስክ 55311፣ የሂዩንዳይ ደግሞ 51712 ነው። ከእነዚህ ቀጥሎ የሚመጡት አምስት አኃዞች ወይም ፊደሎች ሞዴሉን ይለያሉ። በካርቶኑ ላይ 43512 ብሎ ጀምሮ ቀጣዩ አምስት ከታዘዘው ጋር ካልገጠመ ዕቃው የሌላ ቶዮታ ነው፤ ካርቶኑ የቱንም ያህል ቢያምር አይረከቡት።

የሞያሌ በር

ከያቤሎ ወደ ታች ያለው ገበያ ፊቱን ወደ ሁለት አቅጣጫ ያዞረ ነው፤ ወደ መርካቶና ወደ ናይሮቢ። ናይሮቢ ላይ የኪሪንያጋ ጎዳና ለመለዋወጫ የኛ ሶማሌ ተራ እንደማለት ነው። ኬንያ መሪያቸው በቀኝ የሆኑ የጃፓን መኪናዎችን በብዛት ስለምትጠቀም ቪትዙም ኮሮላውም እዚያ ሞልቷል። ብዙ ሰው «የኬንያ ዕቃ መሪው በቀኝ ነው፤ ለኛ አይሆንም» ይላል። ለመሪ ሳጥንና ለዳሽቦርድ እውነት ነው። የፍሬን ዲስክ ግን የመሪውን ጎን አያውቅም፤ መለያ ቁጥሩና ልኩ ከገጠመ ይሆናል።

ሞያሌ ላይ የሁለቱን አገሮች የድንበር ሥራ በአንድ ቦታ የሚያከናውነው ጣቢያ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ተመርቆ ተከፍቷል። በሕጋዊ መንገድ ዲክላራሲዮን አስወጥቶ ለሚያስገባ ነጋዴ ጥቅሙ ዕቃው ደረሰኝ ያለው መሆኑ ነው። በጨለማ የገባ ዲስክ ርካሽ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ስንጥቅ ቢገኝበት ለማን ይመለሳል? በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴው ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ የሚችለውም ያንኑ ደረሰኝ ይዞ ነው።

በሱቅ ውስጥ የሚደረግ ምርመራ

ከኪስ የማይበልጥ የውፍረት መለኪያ ካሊብሮ ለዚህ ንግድ የግድ ነው። ዲስኩ ዙሪያውን በአራትና በአምስት ቦታ ይለካ፤ ቁጥሩ ከቦታ ቦታ መለዋወጥ የለበትም። ሁለቱን የጥንድ ዲስኮች በሚዛን ላይ ማስቀመጥም ጥሩ ነው፤ በሚታይ መጠን ከተለያዩ ወይ ከአንድ ፋብሪካ አልወጡም፣ ወይም መሐል ያሉት ክንፎች እኩል አልተቀረጹም። ባለ አየሩን ዲስክ ከዳር ሲያዩት ሁለቱ ገጾች እኩል መወፈር አለባቸው። አንዱ ወፍራም፣ ሌላው ስስ ሆኖ የተቀረጸ ዲስክ ሲግል ይጣመማል። በጣት ተንጠልጥሎ በመፍቻ መታ ሲደረግ ጥርት ብሎ ሊያስተጋባ ይገባል፤ ድምፁ ድፍን ያለ እንደሆነ ስንጥቅ ይጠርጠር።

ከአውሮፓ የሚመጡ አንዳንድ ዲስኮች በክብ ውስጥ «ኢ» የሚል የላቲን ፊደል ከቁጥር ጋር ይኖራቸዋል፤ 1 ጀርመን፣ 3 ጣሊያን ነው። ከእሱ ጋር 90 የሚል ቁጥር ካለ የተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ለምትክ ፍሬን ያወጣውን ደንብ አሟልቷል ማለት ነው። ምልክቱ ሊኮረጅ ስለሚችል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ከካሊብሮውና ከሚዛኑ ጋር ሲደመር ግን ይረዳል።

ያገለገለ ዲስክን በተመለከተ ዳሩን በጣት መዳሰስ ይበቃል። ሸራው የማይደርስበት ጠርዝ ላይ እንደ ከንፈር ብቅ ያለ ብረት ካለ የቀረው ተበልቷል። ከንፈሩ ጭራሽ ከሌለና ገጹ እንደ መስታወት ካበራ ደግሞ ቶርኖ ቤት ገብቶ ወጥቷልና ውፍረቱ ይለካ። ቶርኖ በራሱ ወንጀል አይደለም፤ ገጹ ሻካራ ሆኖ ውፍረቱ ከልኩ ብዙ የራቀ ዲስክ ቢላጭ ያገለግላል። ነገር ግን ተላጭቶ ልኩ ላይ የደረሰ ዲስክ ለመጣል የተዘጋጀ ዲስክ ነው።

የጎሚስታው ጉልበት

«ዲስኩ ተጣሟል፤ ፍሬን ስይዝ መሪው ይንቀጠቀጣል» ተብሎ የሚመለስ አዲስ ዲስክ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የራሱ አይደለም። ዲስኩ የሚቀመጥበት ፊት ላይ የቀረ ዝገትና የደረቀ ጭቃ ዲስኩን በትንሹ ያዛንፈዋል። ቶዮታ በብዙ መኪናዎቹ ላይ የሚፈቅደው መዛነፍ 0.05 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ይህም የአንድ ፀጉር ያህል ነው። ሁለተኛው ጥፋት የቡሎን አጠባበቅ ነው። ቶዮታ ለቤት መኪና የሚያዘው 103 ኒውተን ሜትር ነው። ቱቦ በመፍቻ ላይ ሰክቶ በእግሩ የሚቆምበት ጎሚስታ የዚህን እጥፍ ሊሰጠው ይችላል፤ ያውም አንዱን ከሌላው አብልጦ። ዲስኩን በሽቦ ብሩሽ በጸዳ ፊት ላይ አስቀምጦ ቡሎኖቹን ፊት ለፊት እያፈራረቁ ማጥበቅ ብዙ የተመላሽ ክርክር ያስቀራል። ሻጩም ይህን በቃል ሳይሆን በደረሰኙ ጀርባ ጽፎ ቢሰጥ አይከፋም።

ከቁልቁለት ወርዶ በቀጥታ ወንዝ ዳር ገብቶ በባልዲ የማጠብ ልማድም አለ። የጋለ ብረት በቀዝቃዛ ውሃ ሲመታ ይሰነጠቃል ወይም ይጣመማል። ሻይ የሚጠጣበት ያህል ጊዜ መጠበቅ ብቻ ነው። አዲስ ዲስክ ከአሮጌ ሸራ ጋርም አይጣመር፤ አሮጌው ሸራ የድሮውን ዲስክ ቦይ ይዞ ስለሚመጣ አዲሱን ከዳር ከዳር ብቻ ይነካዋል። የመጀመሪያዎቹን 200 ኪሎ ሜትር ያህል ደግሞ ፍሬን በለሰለሰ አያያዝ ይሁን። ይህም ማለት ነገሌ ላይ ከቦሬ ቁልቁለት በፊት መቀየር እንጂ ቦሬ አናት ላይ ቀይሮ መውረድ ጥሩ አይደለም።

ምን ያህል ይከማች?

ሸራ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ሲቀየር ዲስክ አንድ ጊዜ ነው። ስለሆነም በሸራ ላይ የዋለ ብር ቶሎ ይዞራል፣ በዲስክ ላይ የዋለው ይተኛል። ለነገሌና ለአዶላ ባለሱቅ በከተማው የሚበዙትን ሦስት ወይም አራት ሞዴሎች ለይቶ ከየአንዳንዳቸው ጥቂት ጥንድ መያዝ፣ ሌላውን በትእዛዝ ማምጣት ያዋጣል። የዶሎና የፊልቱ ባለሱቅ ዲስክ ከሚያከማች ሸራ፣ የፍሬን ዘይትና የካሊፐር ጎማ ቢያበዛ ይሻለዋል፤ አቧራው የሚያጠፋው ጎማውን ነውና።

«ኤሌክትሪክ መኪና ሲመጣ ይህ ንግድ ያበቃል» የሚሉ አሉ። በከፊል እውነት አላቸው። ኤሌክትሪኩ ሲቀዘቅዝ ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ ጉልበቱን ወደ ባትሪ ስለሚመልሰው ዲስኩ ሥራ ይቀንስለታል። እንዲያውም በአዲስ አበባ በብዛት የሚታየው የፎልክስዋገን አይዲ 4 የኋላ ፍሬኑ ተመልሶ ታምቡር ሆኗል። ግን ባትሪው ሞልቶ ከአምባ ላይ የሚነሳ መኪና ጉልበቱን የሚያስቀምጥበት ስለማይኖረው እንደማንኛውም መኪና በዲስኩ ይወርዳል። ክብደቱም ከቪትዝ በእጅጉ ይበልጣል።

የወለቀው አሮጌ ዲስክ ጉዳይ ይቀራል። ጋራዡ ውስጥ ትቶ መሄድ የተለመደ ነው፤ ቁራሌውም በኪሎ ይወስደዋል። ተላጭቶና ቀለም ተቀብቶ ተመልሶ መደርደሪያ ላይ እንዳይወጣ የሚፈልግ ባለመኪና ከመሄዱ በፊት በትልቅ መዶሻ አንድ ጊዜ ይምታው። ዲስክ የሚሠራበት ብረት ስባሪ ስለሆነ ለሁለት ይከፈላል፤ ቁራሌው በኪሎ እንደሆነ ያንኑ ይከፍላል።